ትርጉሙን አውቃለሁ፤ ስናገር ግን አይመጣልኝም

ጥያቄ፦ «መምህር፣ እንግሊዝኛዬ መካከለኛ የሚባል ነው። ቀላል ጽሑፍ አንብቤ እረዳለሁ፤ ሐሳቤንም በግርድፉ እገልጻለሁ። ቃላት ለመጨመር ብዬ ከነአማርኛ ትርጉማቸው የተዘረዘሩበት ፒዲኤፍ አውርጄ በየቀኑ 20 ቃል እሸመድዳለሁ። ሳነብ ሳገኛቸው አውቃቸዋለሁ። ስናገርና ስጽፍ ግን የሚመጡልኝ ያው የድሮዎቹ ናቸው፦ ‹ጉድ›፣ ‹ቬሪ›፣ ‹ፕሮብሌም›። ስንት ቃል ባውቅ ይበቃኛል? የትኞቹን ላጥና? ፒዲኤፉንስ ልተወው?»

ምላሽ፦

ዝርዝርሽ ያን ያህል መጥፎ አይደለም። ጣጣው ያለው ከእያንዳንዱ ቃል ጎን በተቀመጠችው አንዲት የአማርኛ ትርጉም ላይ ነው። ጀማሪ ሳለሽ ይህ አካሄድ በደንብ ሠርቶልሻል። «ቡክ» መጽሐፍ ነው፣ «ሰን» ፀሐይ ናት፣ አለቀ። መካከለኛ ደረጃ ላይ የሚመጡት ቃላት ግን እንዲህ በቀላሉ አይገሩም። አብዛኞቹ ከአንድ የአማርኛ ቃል ጋር ልክክ አይሉም።

«ጠበቀ» የሚለውን የኛን ግስ እንየው። ሰው ትጠብቂያለሽ። ውጤት ትጠብቂያለሽ። ዘበኛ በር ይጠብቃል። ጓደኛሽ ምስጢርሽን ይጠብቃል። ለኛ ሁሉም «ጠበቀ» ነው። እንግሊዝኛ ይበታትነዋል። ቆሞ ወይም ተቀምጦ ሰዓት መግፋት «ዌይት» ነው፤ የምትጠብቂውን ሰው ስትጠሪ «ፎር» መሀል ይገባል። ይሆናል፣ ይመጣል ብሎ ማሰብ «ኤክስፔክት» ነው። የዘበኛው «ጋርድ» ነው። ምስጢር «ኪፕ» ይደረጋል። ከጉዳት መጠበቅ ደግሞ «ፕሮቴክት» ነው።

እንግዲህ ፒዲኤፉ «ኤክስፔክት፦ መጠበቅ» ብሎ ቢጽፍ አልዋሸም። ግን ከአምስቱ የትኛው መጠበቅ እንደሆነ አልነገረሽም። በር ላይ ቆመሽ ለዘገየች ጓደኛሽ «አይ አም ኤክስፔክቲንግ ዩ» ብለሽ ብትልኪላት እንደምትመጣ ማመንሽን ነገርሻት እንጂ ብርዱ ላይ መቆምሽን አልነገርሻትም። «አይ አም ኤክስፔክቲንግ» ብለሽ እዚያው ላይ ካቆምሽማ ነፍሰ ጡር ነኝ ማለትሽ ነው። እንኳን ደስ ያለሽ ትልሻለች።

እንዲህ ያሉ ግሶች አማርኛችን ውስጥ ሞልተዋል። «ተቀበለ» ሌላው ነው። አንድ ነገር ደርሶሽ እጅሽ ሲገባ «ሪሲቭ» ነው። አምነሽበት እሺ ስትይ «አክሴፕት» ነው። እንግዳ ስትቀበዪ «ዌልካም»፣ ጥፋትሽን ስትቀበዪ «አድሚት» ይሆናል። «አይ ሪሲቭድ ዘ ኦፈር፣ በት አይ ዲድንት አክሴፕት ኢት» የምትለውን አረፍተ ነገር ያዢያት። የሥራ ጥሪው ደርሶኛል፣ ግን እሺ አላልኩም ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት አንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን ሲቆሙ ልዩነታቸው ራሱ ይናገራል። ሁለቱንም «መቀበል» ብለሽ ከሸመደድሽ ግን ይህ አረፍተ ነገር «ተቀበልኩት፣ ግን አልተቀበልኩትም» ሆኖ ይቀራል።

«አሸነፈ»ም ሰው ይሸውዳል። «ዊን» የሚፈልገው ጨዋታን፣ ምርጫን፣ ሽልማትን ነው። ተጋጣሚውን ስታሸንፊ «ቢት» ወይም «ዲፊት» ነው። «አይ ዎን ሂም» የምትል አረፍተ ነገር ከተማሪዎች ብዙ ጊዜ ትመጣለች። ሰውየውን በሎተሪ ያገኘሽው ታስመስላለች። «አስታወሰ»ም እንዲሁ ነው። ራስሽ ስታስታውሺ «ሪሜምበር»፣ ሌላ ሰው ሲያስታውስሽ «ሪማይንድ» ነው። ስብሰባ እንዳትረሺ «አስታውሰኝ» ለማለት ፈልገሽ «ሪሜምበር ሚ» ካልሽ ስንብት ይመስላል። «ጎዳ» ደግሞ ሰው አደጋ ሲደርስበት «ኢንጁር»፣ ዕቃ ወይም ሕንፃ ሲሆን «ዳሜጅ»፣ ለሁለቱም የሚሆን ሰፋ ያለ ቃል ሲያስፈልግ «ሀርም» ነው።

እኔን ከጠየቅሽኝ ለአማርኛ ተናጋሪ የመካከለኛ ደረጃ ቃላት ጥናት መጀመር ያለበት እዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የምትጠቀሚባቸውን የአማርኛ ግሶች ያዢ፤ ደረሰ፣ ተወ፣ ያዘ፣ ቆየ፣ ጠፋ፣ አመለከተ። እያንዳንዱ እንግሊዝኛ ውስጥ ስንት ቦታ እንደሚከፈል ፈልጊ። «አመለከተ» ብቻውን ሥራ ስታመለክቺ «አፕላይ»፣ በጣትሽ ስታመለክቺ «ፖይንት»፣ መረጃ አንድን ነገር ሲያመለክት «ኢንዲኬት» ነው። እንዲህ ዓይነቱን ዝርዝር ማንም ፒዲኤፍ ላይ አያዘጋጅልሽም። በራስሽ እጅ ስትሠሪው ግን የምትናገሪው ነገር ላይ በቀጥታ ይወድቃል፤ ምክንያቱም ስትናገሪ መጀመሪያ ጭንቅላትሽ ውስጥ የሚነሣው አማርኛው ነው።

በተቃራኒው ደግሞ አማርኛ አንድ ቃል የማያዋጣላቸው እንግሊዝኛዎች አሉ። «አፎርድ» ከነሱ አንዱ ነው። መዝገበ ቃላት «አቅም መፍቀድ» ይላል፤ ልክ ነው። ቃሉ ግን ብቻውን አይሄድም፤ ከፊቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «ካን» ወይም «ካንት» አለ። በዚያ ላይ ገንዘብ ብቻ አይደለም። «አይ ካንት አፎርድ ቱ ቢ ሌት» ማለት «ማርፈድ አያዋጣኝም» ነው። «አያዋጣኝም» የሚለው ቃላችን እንዴት እንደተመቸው አየሽ? እንዲህ ያለ ቃል ስታገኚ ከቃሉ ጎን ቃል አትጻፊ። ከአረፍተ ነገሩ ጎን፣ አንቺ ራስሽ በአማርኛ የምትይውን አረፍተ ነገር ጻፊ።

«ሪላክታንት»ም እንዲሁ ነው። «ፈቃደኛ ያልሆነ» ተብሎ ተተርጉሞ አይቻለሁ። አይሆንም። ሪላክታንት የሆነ ሰው እምቢ አላለም፤ ልቡ አልፈቀደም እንጂ ሊያደርገው ይችላል። «ሺ ዎዝ ሪላክታንት ቱ ሳይን» ስትይ ለመፈረም አመንትታለች፤ ፈርማም ሊሆን ይችላል። «ኢቨንቹዋሊ»ን «ምናልባት» ብለው የያዙ አሉ። እሱም ስህተት ነው። ብዙ ከቆየ ወይም ከተንገላታ በኋላ በስተመጨረሻ የሆነ ነገር ነው፤ መሆኑ አያጠራጥርም።

«ሀርድሊ»ን ሳላነሣ አላልፍም፤ የማይጎዳው ተማሪ የለም። ሲታይ «ሀርድ» ላይ «ሊ» የተጨመረበት ይመስላል። ስለዚህ «ጠንክሮ» ይባላል ተብሎ ይገመታል። «ሂ ዎርክስ ሀርድ» ጠንክሮ ይሠራል ነው። «ሂ ሀርድሊ ዎርክስ» ደግሞ ሥራ የሚባል ነገር እምብዛም አይነካም ነው። ለሥራ የድጋፍ ደብዳቤ ስትጽፊለት ሁለቱን ካምታታሽ ሰውየውን ገደልሽው።

አገናኝ ቃላት ላይ ትርጉም ማወቅ ብቻውን ምንም አይጠቅምም። «ኦልዞው»ም «ዲስፓይት»ም «ምንም እንኳ ... ቢሆንም» ናቸው። ነገር ግን ከ«ኦልዞው» በኋላ ባለቤትና ግስ ያለው ሙሉ ሐረግ ይመጣል፦ «ኦልዞው ኢት ዎዝ ሬይኒንግ»። ከ«ዲስፓይት» በኋላ ስም ይመጣል፦ «ዲስፓይት ዘ ሬይን»። ሌላ ልዩነት ፍለጋ አትድከሚ። «ሳጀስት»ም ሰዋስው ይዞ የሚመጣ ቃል ነው። «ሂ ሳጀስትድ ሚ ቱ ጎ» አይባልም። «ሂ ሳጀስትድ ዛት አይ ጎ» ወይም «ሂ ሳጀስትድ ጎይንግ» ነው። «አቮይድ» ከኋላው «ቱ» አይወድም፤ «ኢንግ» ያለው ግስ ይወዳል፦ «አቮይድ ዌይቲንግ»።

ከዚህ ጋር የቃላት ጓደኝነት የሚባለው ነገር አለ። በትምህርቱ ዓለም ኮሎኬሽን ይሉታል። እንግሊዝኛ ውሳኔን «ሜክ» ያደርጋል፤ አደጋ ያለበትን ነገር ደፍሮ መግባትን «ቴክ ኤ ሪስክ» ይላል፤ ትኩረትን ደግሞ «ፔይ» ብሎ ይከፍላል። ስምምነት ላይ «ሪች» ይደረጋል። የማስረከቢያ ቀነ ገደብን «ሚት» ያደርጉታል። ለምን ብሎ መጠየቅ አያዋጣም። እኛስ ቃል እንገባለን እንጂ ቃል እንሠራለን? አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው «ቃል ሠራሁልህ» ቢልሽ ትስቂያለሽ፤ እሱ ግን «ሜክ ኤ ፕሮሚስ»ን ነው ቃል በቃል የተረጎመው። ስለዚህ «ዲሲዥን»ን ስትጽፊ ብቻውን አትጻፊው። «ሜክ ኤ ዲሲዥን» ብለሽ አንድ ላይ ያዢው። ስትናገሪ የሚያንተባትብሽ አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ጠፍቶሽ አይደለም፤ ከፊቱ የሚመጣው ግስ ነው።

ስንት ቃል ላልሽው፣ የሚታወቁ ቁጥሮች አሉ። የእንግሊዝኛ መምህሩ ማይክል ዌስት በ1953 ያሳተመው የመሠረታዊ ቃላት ዝርዝር 2,000 ገደማ የቃል ቤተሰቦችን የያዘ ነበር። የቃል ቤተሰብ ማለት «ዲሳይድ»፣ «ዲሲዥን»፣ «ዲሳይሲቭ» እንደ አንድ ሲቆጠሩ ነው። እነዚህ 2,000ዎቹ ከተራ ጽሑፍ ከአሥር ቃላት ስምንቱን ያህል ይሸፍናሉ። ብዙ ይመስላል፤ ግን ከአምስት አንድ ቃል የማታውቂበትን ገጽ አስቢው። የቋንቋ ተመራማሪው ፖል ኔሽን በ2006 ባሳተመው ጥናት፣ ያልተቃለለ ጽሑፍ ከ100 ቃላት 98ቱን አውቆ ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ እንደሚያስፈልግ፣ ንግግር ሰምቶ ለመረዳት ደግሞ ከ6,000 እስከ 7,000 እንደሚበቃ አሳይቷል።

ይህን ስሰማ ደከመኝ እንዳትዪ። ቁጥሩ ለመረዳት ነው፤ ለመናገር የሚያስፈልገው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 ባወጣው የቋንቋ ደረጃ መለኪያ መካከለኛ የሚባሉት ቢ1 እና ቢ2 ናቸው። ኦክስፎርድ 3000 የሚባለው ዝርዝር ከጀማሪው ኤ1 እስከ ቢ2 ያሉ ዋና ዋና ቃላትን በየደረጃቸው ይዟል፤ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። ቢ1 የሚሉትን ብቻ መርጠሽ ሂጂባቸው። ከግማሽ በላይ ታውቂያቸዋለሽ። ክፍተትሽ የት እንዳለ ግን ቁልጭ ብሎ ይታይሻል። ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወይም ለጥናታዊ ጽሑፍ ከሆነ የምትዘጋጂው፣ ተመራማሪዋ አቬሪል ኮክስሄድ በ2000 ያሳተመችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር አለ፤ 570 የቃል ቤተሰቦች ናቸው። «አሲዩም»፣ «ሪኳየር»፣ «ሲግኒፊካንት»፣ «ኢንዲኬት» የመሳሰሉት እዚያ ናቸው። ትምህርት ላይ ካልሆንሽ ግን ለጊዜው ይቆይሽ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ እንምጣ። ሳነብ አውቃቸዋለሁ፣ ስናገር አይመጡም ብለሻል። ማወቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሲያዩት መለየት ነው። ሌላው ከባዶ ማውጣት ነው። የአንቺ ጥናት ሁሉ የመጀመሪያውን ሲያሠለጥን ነው የከረመው። እንግሊዝኛውን ታያለሽ፣ አማርኛውን ታስታውሻለሽ። ስትናገሪ የሚፈለግብሽ ግን ግልባጩ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛውን ሸፍኚው። «ማርፈድ አያዋጣኝም» የሚለውን አይተሽ ሙሉውን የእንግሊዝኛ አረፍተ ነገር ጮክ ብለሽ አውጪ። ካቃተሽ ዓይንሽን ከወረቀቱ አንሥተሽ ትንሽ ታገዪ፤ ቶሎ አትግለጪው። ያ ትግል ነው ቃሉን ጭንቅላትሽ ውስጥ የሚያስቀረው።

ድግግሞሹን ደግሞ በታትኚው። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ራሱ ላይ በሠራው ሙከራ፣ የሸመደድነው ነገር መጀመሪያ ላይ በፍጥነት፣ ኋላ ላይ በዝግታ እንደሚጠፋ አሳይቷል። ስለዚህ አንድ ቃል በአንድ ቀን አሥር ጊዜ ከማየት፣ ዛሬ፣ ነገ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ ማየቱ ይበልጣል። ሴባስቲያን ላይትነር የተባለ ጸሐፊ በ1970ዎቹ በካርድና በሣጥን የሚሠራ ቀላል ዘዴ አስተዋውቋል። ያወቅሽው ካርድ ወደ ቀጣዩ ሣጥን ያልፋል፣ እዚያም ዘግይቶ ይታያል። የሳትሽው ወደ መጀመሪያው ሣጥን ይመለሳል፣ ቶሎ ቶሎ ይታያል። አንኪ የሚባለው መተግበሪያ ይህንኑ ሐሳብ በስልክ ይሠራልሻል። ካርዶቹን ግን ራስሽ ሥሪ። ሰው የሠራውን የ5,000 ካርድ ጥራዝ አውርደሽ ከጀመርሽ ያው ፒዲኤፉ ተመለሰ ማለት ነው።

በቀን 20 ቃል ደግሞ በዝቷል። ዛሬ 20 ከሆነ፣ ወር ሳይሞላ የሚከለሰው ክምር ከአዲሱ በልጦ ያንገሸግሽሻል። አምስት ወይም ስድስት፣ ግን ከነአረፍተ ነገራቸው፣ ከነጓደኛቸው። ይበቃል።

«ቬሪ» እና «ፕሮብሌም» ከአፍሽ አልወጣ ስላሉት፣ እነሱን ማባረር የሚቻለው በእገዳ ነው። ለአንድ ሳምንት ስትጽፊ «ቬሪ»ን አትጠቀሚ። «ቬሪ ታየርድ» ሲመጣብሽ «ኤግዞስትድ»፣ «ቬሪ ቢግ» ሲመጣ «ሂውጅ»፣ «ቬሪ ስሞል» ሲመጣ «ታይኒ»፣ «ቬሪ ኢምፖርታንት» ሲመጣ «ኢሴንሻል» ወይም «ክሩሻል» በዪ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፤ እነዚህ ቃላት «በጣም»ን ውስጣቸው ይዘውታል። «ቬሪ ኤግዞስትድ» አይባልም። ማጠንከር ካስፈለገሽ «ኮምፕሊትሊ ኤግዞስትድ» ይሻላል።

በሚቀጥለው ሳምንት «ፕሮብሌም»ን አግጂው። እሱ ላይ ያለው ልዩነት ትንሽ ረቀቅ ይላል። «ኢሹ» ሰዎች የሚነጋገሩበት፣ የሚከራከሩበት ጉዳይ ነው። «ኦብስታክል» መንገድ ላይ የተደነቀረ፣ ወደ ግብሽ እንዳትደርሺ የሚያግድ ነው። «ፍሎው» የአንድ ዕቅድ ወይም ሥራ ውስጣዊ ጉድለት ነው። «ሴትባክ» እየሄደ የነበረውን ወደኋላ የሚመልስ ነው። ፈቃድ ዘግይቶ ሥራው ከቆመ «ሴትባክ» ገጥሞሻል። ዕቅዱ ከመጀመሪያው ስሌቱ ከተሳሳተ «ፍሎው» አለበት። ሁለቱን «ችግር» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ግን ስብሰባ ላይ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚለየው ይኸው ልዩነት ነው።

መዝገበ ቃላትን በተመለከተ፣ አሁን ባለሽበት ደረጃ ለተማሪ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መጠቀም ትችያለሽ። አይክበድሽ። ሎንግማን በ1978 ያወጣው የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ትርጉሞቹን ሁሉ በ2,000 ገደማ ቀላል ቃላት ብቻ ነው የጻፈው፤ ከዚያ ወዲህ ከመጡትም ብዙዎቹ ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። ቃል ስትፈልጊ ትርጉሙን አንብበሽ አትዝጊው። ከሥሩ ያሉትን ምሳሌዎች እዪ፤ ጓደኞቹ ያሉት እዚያ ነው። የአማርኛ መዝገበ ቃላትሽን ለመጨረሻ ማረጋገጫ አስቀምጪው።

ፒዲኤፍሽን አትጣዪው። እርሳስ ይዘሽ ተቀመጪና እንግሊዝኛውን በወረቀት ሸፍነሽ ከላይ ጀምሪ። የአማርኛውን ትርጉም አይተሽ ስለራስሽ ሕይወት እውነተኛ አረፍተ ነገር ያወጣሽበትን ቃል ሰርዢው፤ ያንቺ ሆኗል። ካልወጣልሽ እንዳለ ይቆይ። ካልተሰረዙት ውስጥ በዚህ ሳምንት ስታነቢ ወይም ስትሰሚ በድጋሚ ያገኘሻቸውን ብቻ ክበቢ፤ ካርድ የሚሠራላቸው እነሱ ናቸው። ካርዱ ላይ ያገኘሽበትን አረፍተ ነገር እንዳለ ገልብጪ፤ ከጀርባው ደግሞ ያንኑ ሐሳብ አንቺ በአማርኛ እንዴት እንደምትይው ጻፊ። ነገ ጠዋት የምታነሺው የካርዱን ጀርባ ነው።